የጥድ ችግኝ፣ ኮምጣጣ አፈርና አላግባብ የሚበተን አመድ

የአፈር አሲዳማነት የሚለካው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ባስተዋወቀው፣ ፒኤች በሚባለው መለኪያ ነው፤ 7 ገለልተኛ ሲሆን ከዚያ በታች ያለው አሲዳማ ነው፤ ቁጥሩ በአንድ ዝቅ ባለ ቁጥርም አሲዳማነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ኮኒፈር የሚባሉት፣ ማለትም የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ የፈረንጅ ጥድና ፓይነስ የመሳሰሉት ዛፎች፣ በችግኝነታቸው በአብዛኛው ከ5 እስከ 6 ባለው መጠነኛ አሲዳማ አፈር ይስማማቸዋል።

ይህ ሆኖ ሳለ በብዙ የችግኝ መደብ ላይ ችግኙ ቢጫ ሲሆን አፈሩ ኮምጥጧል ተብሎ አመድ ወይም ኖራ ይበተናል፤ ሳይለኩ እንዲህ ማድረግ ግን ችግኙን ይጎዳል። አመድና ኖራ የአፈሩን አሲዳማነት ይቀንሳሉ፤ ፒኤቹ ከ7 ሲያልፍ ብረት በውሃ ወደማይሟሟ መልክ ስለሚለወጥ ሥሩ ሊስበው አይችልም፤ ብረት ደግሞ ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲሱ ስለማይዛወር መጀመሪያ የሚገረጣው ለጋው ጫፍ ነው። የናይትሮጅን እጥረት በተቃራኒው ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ይጀምራል፤ ስለዚህ አመድ ከመበተን በፊት ቢጫነቱ ከየት እንደጀመረ ማየት ይገባል። አመዱ ሌላም ጣጣ አለው፦ አሲዳማነቱ የቀነሰ እርጥብ አፈር ቡቃያን ለሚያበሰብሱ ፈንገሶች ይመቻል፤ ግንዱ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ይቀጥንና ቡቃያው ጫፉ ገና አረንጓዴ ሳለ ይወድቃል።

እውነተኛ የአሲድ ጉዳት ምልክቱ ሌላ ነው። ፒኤች ከ5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያሳጥራል፣ ያወፍራል፣ ያጠቁራል፤ ፎስፈረስም በቀይ አፈር ውስጥ በብረትና በአሉሚኒየም ስለሚያዝ ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ያደላል። በልክ የተሰጠ ኖራ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ፎስፈረሱን ለሥሩ የሚያቀብሉት ማይኮራይዛ የሚባሉት፣ ከሥር ጋር ተደጋግፈው የሚኖሩ ፈንገሶች ናቸው። ለፓይነስ ችግኝ ከአሮጌ የፓይነስ ደን ጥቂት አፈር መቀላቀል የቆየ ልማድ ነው፤ የሐበሻ ጥድ ፈንገስ ግን ከዚያ የተለየ ወገን በመሆኑ አፈሩ ከጥድ ሥር መምጣት አለበት። ችግኙ የሚጠጣው ውሃም ይለካ፤ ኖራ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ በፕላስቲክ ከረጢት ያለውን ጥቂት አፈር ከወራት በኋላ ወደ አልካላይን (ከ7 በላይ) ሊያዞረው ይችላል።