የሐይቅ ሐይቅ ውሃ ለምን አረንጓዴ ሆነ?

በውስጥ መስመር ከሐይቅ ከተማና ከአምባሰል ልጆች በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ውሃው የሚለወጠው ሰው መርዝ ስለጨመረበት ነው?» የውሃ ሥነ ምህዳር ባለሙያ ነኝና ልመልስ። አረንጓዴነቱን ለማስረዳት መርዝ የጨመረ ሰው መፈለግ አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ1969 ተመራማሪዎች ግልጽነት የሚለካበትን ነጭ ሰሃን ወደ ሐይቁ ሲያወርዱ እስከ 9 ሜትር ገደማ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ቆሮሶ ዓሣ ተጨመረበት። ከዚያ በኋላ የተደረገው ልኬት ከ2 ሜትር በታች ወረደ።

ምን ተፈጠረ? ዋቅላሚን የሚግጡ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ደቂቅ እንስሳት በውሃው ውስጥ አሉ። የቆሮሶ ጫጩቶች እነሱን ይበላሉ። ጋጩ ሲያልቅ ዋቅላሚው ይንሰራፋል። ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያም ይመግበዋል፤ ሐይቁ ደግሞ በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባው እዚያው ይከማቻል።

ዓሣውን ግን አልኮንንም። የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። የሚያሳስበኝ ያለ ጥናት ሌላ ዝርያ መጨመሩና ዳርቻውን እስከ ውሃው ድረስ ማረሱ ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ አረንጓዴ አረፋ የተኛበትን ውሃ አትጠጡ፤ ከብትም አታጠጡ። አንዳንዱ ዋቅላሚ መርዝ ያመነጫል፤ ማፍላትም መርዙን አያጠፋውም። ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣም አይበላ።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በተለይ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ውሃው በየትኛው ወር ቀለሙን እንደሚቀይር ንገሩኝ።