በሆድ ውስጥ ስለሚሰወረው ስብ

አንድ ሰው ቦርጭ ሲያወጣ «ደላው፤ ተመቸው» ማለት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን በሆድ የሚጠራቀመው ስብ የድሎት ምልክት ከመሆን ይልቅ ለልብ ሕመምና ለስኳር በሽታ መንገድ የሚጠርግ ነው።

በግ ሲታረድ ያየ ሁሉ አንጀቱን እንደ መረብ የሚሸፍነውን ነጭ ሞራ ያውቀዋል። በሰውም ሆድ ውስጥ እንዲሁ ያለ ሞራ አለ። ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ በጣት መቆንጠጥ ይቻላል፤ ይህኛው ግን ከሆድ ጡንቻ በስተኋላ የሆድ ዕቃን ከቦ ስለሚቀመጥ አይታይም። በመጠኑ ሲሆን የሆድ ዕቃን ይደግፋል፤ ሲበዛ ግን ጠንቅ ይሆናል።

ጠንቁ እንደሚከተለው ነው። ከአንጀትና ከሞራው የሚነሣው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ፣ ከሞራው የሚለቀቀው ስብ በዚያ ይከማቻል። ጉበትም ስቡን መልሶ ወደ ደም ይልካል። በዚህ ምክንያት ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ኀይሉ ይደክማል፤ ደኅነኛው ኮሌስትሮል ያንሳል፤ ጎጂው ደግሞ ወደ ደም ሥር ግድግዳ ገብቶ መጋገር ይቀለዋል። ኮሌስትሮል ራሱ መርዝ አይደለም፤ አብዛኛውን የሚያዘጋጀው ሰውነታችን ነው። የሚጎዳው ከልክ ሲያልፍ ነው።

ዣን ቫግ የተባሉት ፈረንሳዊ ሐኪም በ1947 እ.ኤ.አ. ስቡ የሚቀመጥበት ስፍራ ታላቅ ልዩነት እንዳለው አስረድተዋል። ስለዚህ ሚዛን ብቻውን አይበቃም፤ እጅና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ግን የገፋ ሰው ክብደቱ ልከኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ቆሞ፣ ትንፋሽን በዝግታ አውጥቶ፣ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ሜትሩን በሰውነት ላይ ማዞር ነው። ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ ራስን ማታለል ነው። ልኩ ለወንድ ከ94፣ ላላረገዘች ሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለወንድ ከ102፣ ለሴት ከ88 ካለፈ ግን አደጋው የጎላ ነው።

መከላከያው የሚከተለው ነው፤

1ኛ/ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ። ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ ወፍራም ሰው ከ4 እስከ 8 ኪሎ ቢቀንስ እንኳ ብዙ ይጠቀማል።

2ኛ/ ጮማን፣ ቅቤን፣ ስኳር የበዛበትን መጠጥና አልኮልን መቀነስ፤ ሽሮን፣ ምስርንና ጎመንን ማዘውተር።

3ኛ/ በጾም ጊዜም መጠንቀቅ። የአትክልት ምግብ ኮሌስትሮል ባይኖረውም፣ የሚረጋው የፓልም ዘይት በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ያበዛል። የኑግና የሱፍ ዘይት ይሻላል፤ እርሱም በልክ ሲሆን ነው።

4ኛ/ የኮሌስትሮል መብዛት ሕመም ስለማይሰማ፣ ወገቡ ከልክ ያለፈ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ማስመርመር ይገባዋል። ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለትም ደኅና ነኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አባት ወይም እናት የሆነ ሁሉ ዛሬውኑ ወገቡን ይለካ፤ ልኩንም ጽፎ ያኑር፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ለክቶ ያስተያይ።