የሥራ ላይ ደህንነት፦ ትምህርቱ፣ እንጀራውና የ88 በመቶው ጣጣ

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ፣ ግንባታው ባላለቀ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። በዓል ሊያከብሩ የመጡ ምእመናን ነበሩ። ሐዘኑ ገና አልወጣልንም። አንድ መወጣጫ ሰው ሳይወጣበት በፊት መርምሮ «ይህ ሸክም አይችልም» የሚል ባለሙያ የት ይማራል? ማንስ ይቀጥረዋል? ቢናገርስ ይሰማል?

እንዲህ ያለ ባለሙያ የሚማርበት ዘርፍ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ይባላል፤ ሳይት ላይ ባጭሩ «ሴፍቲ» ነው። በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደህንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አሰለፈው። በእኛ አገር ሕጉ ከዚያም በፊት ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ለሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የደህንነት ሠራተኛ እንዲመድብና ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያስገድዳል። ስለዚህ የጎደለው ሕግ አይደለም፤ የሚጎድለው ሕጉን ወደ ሥራ የሚለውጠው ሰውና የዚያ ሰው ሥልጣን ነው።

የድኅረ ምረቃ ትምህርቱ በአገር ውስጥ ያደገው በጤና ትምህርት ቤቶች እቅፍ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአካባቢና የሙያ ጤናና ደህንነት ትምህርት ክፍል አለው፤ መነሻው በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው፣ የጤና መኮንኖችንና ሳኒታሪያኖችን ያፈራው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከኖርዌዩ በርገንና ከታንዛኒያው ሙሂምቢሊ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው የቡና ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች የሚተነፍሱትን ብናኝ ለክተዋል። በዚህ ሥራ እኮራለሁ። ቡና ስንጠጣ የለቀመውን ገበሬ እናስባለን፤ በጆንያና በብናኝ መካከል ቀኑን የምትውለውን ሴት ግን ማንም አያስታውሳትም።

ትምህርቱ ወደ ጤና ማዘንበሉ በቂ ምክንያት አለው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከሥራ ጋር በተያያዘ ምክንያት ከሚሞቱት 2.93 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ውስጥ 2.6 ሚሊዮኑን የሚገድለው በሽታ ነው፤ በአደጋ የሚሞቱት 330 ሺህ ያህል ናቸው። በሽታው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ሠራተኛው ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ሲቀመጥ ስለሚመጣ ዜና አይሆንም። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመርዝ ሳይንስና የብናኝ ልኬት የሚማረው ለዚህ ነው። የድምፅ ገደብም አለ፤ የአሜሪካው የሙያ ደህንነትና ጤንነት ምርምር ተቋም ናዮሽ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ከ85 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል፤ ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ይህን የማያውቅ የደህንነት ኃላፊ የሠራተኛውን ጆሮ ሊያድን አይችልም። ኤርጎኖሚክስ፣ እሳት መከላከልና የኬሚካል አያያዝ የየራሳቸው ኮርስ አላቸው።

ዘርፉ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያከራክረኝ ሃይንሪች ነው። ኸርበርት ሃይንሪች ትራቨለርስ በተባለው የአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያ ይሠራ ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ 75,000 ያህል የአደጋ መዝገቦችን መርምሮ የአደጋዎቹ መንስኤ 88 በመቶው የሠራተኛው ጥንቃቄ የጎደለው ድርጊት፣ 10 በመቶው አደገኛ የሥራ ሁኔታ፣ 2 በመቶው ሊቀር የማይችል ነው ሲል ደመደመ። መዝገቦቹ የመጡት ከኢንሹራንስ ፋይሎችና ከፋብሪካ ባለቤቶች ነው። አደጋውን የመዘገበው አለቃ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይጽፋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ፍሬድ ማኑዌሌን የመሰሉ ባለሙያዎች ኋላ ላይ ስሌቱን ሊፈትሹ ሲነሱ መነሻ ፋይሎቹ አልተገኙም። ሃይንሪች ራሱ ማሽን በመከለያ እንዲሸፈን አጥብቆ የመከረ ሰው ነበር፤ ያ ምክሩ ተረስቶ መቶኛው ግን እስከ ዛሬ በሥልጠና አዳራሽ ይነበባል።

ይህ ቁጥር ጉዳት አለው። የቀን ሠራተኛ ከአራተኛ ፎቅ ሲወድቅ ሪፖርቱ «ቀበቶ አላሰረም» ብሎ ይዘጋል። ቀበቶው የሚታሰርበት ብረት ነበር ወይ? ለሦስት ሰው ስንት ቀበቶ ተሰጠ? ክፍያው በቁርጥ ስለሆነ መፍጠን ነበረበት ወይ? በአውስትራሊያ ግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ሲድኒ ዴከር እንዲህ ያለውን ጥያቄ የዘርፉ ማዕከል አድርጎታል፤ ሰውየው ያደረገው ነገር በዚያች ሰዓት ለእሱ ትክክል የመሰለው ለምን እንደሆነ መርምሩ ይላል። እኔ የምወግነው ከዚህ ጎራ ጋር ነው። ጥፋቱን ከሟቹ ጋር የሚቀብር ምርመራ ቀጣዩን ሠራተኛ አያድንምና።

ሥራው በግንባታ፣ በሲሚንቶ፣ በአበባ እርሻ፣ በአየር መንገድና በሥራ ሁኔታ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች ይገኛል። ወደ ገልፍ አገሮች መሄድ ለሚያስቡ፣ ቀጣሪዎች በብዛት የሚጠይቁት የእንግሊዙን የኔቦሽ ሰርተፍኬት ነው፤ አሜሪካ ላሉት ሲ ኤስ ፒ የሚባለው የደህንነት ባለሙያዎች የብቃት ፈተና ትልቁ በር ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ ኤስ ኦ 45001 የተባለው የሙያ ደህንነትና ጤንነት አስተዳደር ደረጃም ለኦዲተሮች እንጀራ ከፍቷል። ወረቀት ማሟላትን ከደህንነት ጋር የሚያምታቱ ድርጅቶች ስላሉ በዚህኛው ላይ ያለኝ እምነት ስስ ነው።

ተመራቂው ለቅጥር ሲቀርብ ከደመወዙ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ሥራ የማስቆም ሥልጣኔ በጽሑፍ ሰፍሯል ወይ? አለቃዬስ ማነው? ፕሮጀክት ማናጀሩ የሚመዘነው በቀነ ገደብ ነው። የደህንነት ሠራተኛው በእሱ ሥር ከሆነ፣ የኮንክሪት መኪኖች ተሰልፈው ባሉበት ጠዋት ድጋፉ አልጠነከረም ብሎ ሙሌቱን የሚያስቆመው ሥራውን ለማጣት ቆርጦ ብቻ ነው።