ሙዚቀኛ እንጀራውን ከወዴት ያገኛል?

ባለፈው ሰሞን የእኅታችን ልጅ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት በደረት ኪሱ ይዞ ከቤታችን መጣ። ወጣቱ የመንግሥት ሥራ አለው፤ ማታ ማታ ግን ከጓደኞቹ ጋር እየሆነ ይዘፍናል፥ ዜማም ይደርሳል። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፥ ሥራዬን ልለቅ ነው። ሰባት ዘፈኖቼን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ፤ ከመፈረሜ በፊት እባክዎ ይህን ይመልከቱልኝ» አለን። ወረቀቱን ባነበብነው ጊዜ ሰባቱ ዘፈኖች ባንድ ጊዜ በሚከፈል ገንዘብ፥ ዛሬ ባለውም ሆነ ወደፊት በሚፈጠረው መሣሪያ ሁሉ፥ ለዘለዓለም የገዢው እንዲሆኑ የሚል ውል ሆኖ አገኘነው። ገንዘቡ የልጁን የስምንት ወር ደመወዝ ያህል ነበር።

እኅታችን ነገሩን በሰማች ጊዜ «ልጄ አዝማሪ ሊሆን ነው» ብላ አልቅሳለች። የርሷ ኀዘን ስለ ክብር ነው፤ የኛ አሳብ ግን ስለ ዘጠነኛው ወር ነበር።

አዝማሪን እንደ ምሳሌ ብንወስደው በሀገራችን ከማንም በፊት ራሱን ችሎ የቆመ ሙዚቀኛ እርሱ ነው። መሰንቆው የራሱ ነው፤ ግጥሙን እዚያው በቆመበት ይፈጥራል፤ ዋጋውንም ከሰሚው እጅ ወዲያው ይቀበላል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ድምፁ በዘጋ ቀን ገቢውም አብሮ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣው የባንድ ሙዚቃ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ። የክቡር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፥ የሀገር ፍቅር ቴያትርም ጭምር፥ ሙዚቀኛውን በደመወዝ ያኖሩት ነበር። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ፥ ዓለማየሁ እሸቴም ከፖሊስ ኦርኬስትራ ወጥተው ስማቸው ገነነ። ደመወዙ ቋሚ ነው፤ ነገር ግን መለከቱም፥ ልብሱም፥ የሙዚቀኛው ምሽትም የመሥሪያ ቤቱ ነበረ።

ሸክላ ማሳተምም እንዲሁ የተጠበቀ ሥራ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 በወጣ የመንግሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። አቶ አምሃ እሸቴ የሚባሉ የሙዚቃ መደብር ባለቤት፥ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ፥ በ1969 ይህን ትእዛዝ ተጋፍተው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረጹና ሸክላውን ሕንድ አገር አሳትመው አስመጡ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጡ። አቶ አምሃ በ2021 ዐረፉ። ከሕግ ጋር መጋፋትን ለወጣት አንመክርም፤ የመንግሥት ሠራተኛም ነንና ባንመክር ይሻላል። ቢሆንም ያ ድፍረት ባይኖር ኖሮ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ አብዛኛው በአየር ላይ እንደ ተበተነ ይቀር ነበር።

ለእኅታችን ልጅ ረዘም አድርገን የነገርነው ግን የአቶ ኃይሉ መርጊያን ታሪክ ነው። አቶ ኃይሉ የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ሙዚቀኞች የምሽት ክበቡ ባለቤት በገዛው መሣሪያ ይጫወቱ ስለ ነበር ከክበቡ ሊወጡ ቢያስቡ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ዋልያሶች የገዛ መሣሪያቸውን ይዘው በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫወቱ። በ1977 «ቸ በለው» የተሰኘውን ሸክላ አወጡ፤ በ1981 ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሄዱ፤ ከመካከላቸውም አቶ ኃይሉና ሌሎች ጓደኞቻቸው በዚያው ቀሩ።

በ1985 አቶ ኃይሉ አኮርዲዮኑንም፥ ኪቦርዱንም፥ የከበሮውንም መኪና ብቻቸውን እየተጫወቱ አንድ ካሴት ቀረጹ። ካሴቱ አገር ቤት ተሰማ፤ እርሳቸውን ግን ሊያኖር አልቻለም። ስለዚህ በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ነጂ ሆኑ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ ከመኪናው ኋላ ትንሿን ኪቦርድ አውጥተው በወንበሩ ላይ ይለማመዱ ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፥ ለዓመታት ነው እንጂ! ማንም በማይሰማው ቦታ፥ ማንም ሳይከፍል፥ ጣቶቻቸው እንዳይረሱ።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ አሜሪካዊ ያን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ባለቤቱን ፈልጎ በስልክ ጠየቃቸው፤ በ2013ም «ሸሞንሟናዬ» በሚል ስም እንደ ገና ታተመ። አሳታሚው ወጪው ከተነሣ በኋላ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል ይካፈላል። አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሰው በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ ሥራ አወጡ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፎ ነበር።

የእኅታችን ልጅ እስከዚህ አዳመጠና «ጋሼ፥ እኔም ሠላሳ ዓመት ታክሲ ልንዳ ነው የሚሉኝ?» አለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መሳቃችንንም አንክድም። እኛ ግን ያየነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ታክሲው ሙዚቃውን አልገደለውም፤ አኖረው። ዘፈኑ የቤት ኪራይ እንዲከፍል ያልተገደደ ሰው መጥፎ ውል ለመፈረም አይቸኩልም። ሁለተኛው፥ ስልኩ በተደወለ ጊዜ የሚጠየቅ ባለቤት ነበረ።

በሀገራችንም ሕግ አለ። በኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለግጥምና ለዜማ ደራሲ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ፥ ከሞቱም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት መብት ይሰጣል፤ የድምፃዊውና የአሳታሚው መብት ደግሞ ለየብቻ ተደንግጓል። እንግዲህ ይህ ልጅ ደራሲም ድምፃዊም በመሆኑ በስምንት ወር ደመወዝ ሊያስረክብ የተነሣው ገና ያልተወለዱ ልጆቹን ድርሻ ጭምር ነው። ባለመደብሩም ቢሆን አይወቀስም፤ ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያወጣ፥ ቢከስር የሚከስር እርሱ ነው። ለአምስት ዓመት ቢከራየው፥ ትርፉንም በድርሻ ቢያስብለት ግን ምን ይጎዳዋል? ይህንኑ በእርሳስ ከወረቀቱ ኅዳግ ላይ ጽፈን መለስንለት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ተመልሶ መጣ። ባለመደብሩ የእርሳሱን ጽሑፍ አይቶ ተቆጥቷል፤ በኋላ ግን ከሰባቱ ሁለቱን ብቻ በድርሻ ለመሞከር ተስማምቷል። የቀብዱ ገንዘብ በጣም ትንሽ ነው። ሥራውንም አልለቀቀም፤ እኅታችን በዚህ ደስ ብሏት ጠላ ልካልናለች።

በደረት ኪሱ ግን ሌላ የተጣጠፈ ወረቀት ነበረ። ኪቦርድ በየወሩ እየከፈለ ሊገዛ ነውና ሻጩ ዋስ ጠይቆታል። የወር ደመወዛችንን ደግመን ካሰብን በኋላ ፈረምንለት።