አንድ ገንዘብ፣ ብዙ ግምጃ ቤት

ከአውሮፓ ጋር የሚነግድ ሰው የዩሮን ምንዛሪ በየጊዜው ይከታተላል። ይሁን እንጂ ምንዛሪው ከፍና ዝቅ የሚልበትን ምክንያት ለመረዳት፣ ገንዘቡ የቆመበትን ሥርዐት ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዩሮ በ1999 በ11 አገሮች ተጀምሮ፣ በ2023 የአባሎቹ ቁጥር 20 ደረሰ። ለሁሉም የወለዱን ልክ የሚወስነው በፍራንክፉርት ያለው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነው። ግብር የሚጥለውና ወጪ የሚመድበው ግን እያንዳንዱ መንግሥት ለብቻው ነው። በ1992 የተፈረመው የማስትሪኽት ውል የባጀት ጉድለት ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ከመቶ 3፣ ዕዳም ከመቶ 60 እንዳይበልጥ ቢወስንም፣ ብዙዎቹ መንግሥታት ይህን ልክ አልፈዋል።

የዚህ ሥርዐት ችግር በ2022 ጎልቶ ታየ። በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ጋዝና መብራት ስለ ተወደደ፣ የዋጋ ንረት በኦክቶበር ከመቶ 10 አለፈ። ባንኩም ከጁላይ 2022 እስከ ሴፕቴምበር 2023 ወለዱን 10 ጊዜ በተከታታይ ከፍ አደረገ።

ነገር ግን ሦስት እንቅፋቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ በኦገስት 2022 ንረቱ በኢስቶኒያ ከመቶ 25 ሲደርስ በፈረንሳይ ከመቶ 7 ያነሰ ነበር፤ አንድ ወለድ ለሁለቱም እኩል ሊስማማ አይችልም። ሁለተኛ፣ ባንኩ ገበያውን ለማቀዝቀዝ ሲጥር፣ መንግሥታቱ ሕዝቡን ከኑሮ ውድነት ለማዳን ብዙ ገንዘብ በድጎማ ያወጡ ነበር። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ወደየፊናቸው ሲስቡ እርሻው እንደማይቀና ሁሉ፣ የሁለቱ ሥራም እርስ በርሱ ተቃረነ። ሦስተኛ፣ ዕዳዋ ከዓመታዊ ምርቷ ከመቶ 130 ለሚበልጠው ለኢጣልያ፣ የወለድ መጨመር ከባድ ሸክም ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ነጋዴዎች ሩቅ አይደለም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ቀደም ብሎ በማርች 2022 መጨመር በመጀመሩ ዶላር ተፈላጊ ሆነ፤ በጁላይም አንድ ዩሮ ከአንድ ዶላር ጋር እኩል ሆነ። ቡና በዓለም ገበያ በዶላር ስለሚሸጥ፣ ለጀርመን ገዢ ዋጋው በዚያው ልክ ተወደደበት። በአንጻሩ ዶላር ይዞ በዩሮ የተተመነ መኪና የገዛ አስመጪ ተጠቀመ። እንዲሁም ወለድ ሲከብድ፣ በብድር የሚነግደው የአውሮፓ ገዢ በመጋዘን የሚያከማቸውን ዕቃ ይቀንሳል።

ስለዚህ ላኪም ሆነ አስመጪ ውል ከመዋዋሉ በፊት፣ የፍራንክፉርትን ወለድ ብቻ ሳይሆን የየመንግሥታቱንም ባጀት አብሮ ቢመለከት፣ ሂሳቡን አስቀድሞ ለማመዛዘን ይረዳዋል።