ዕንቁላል ስለሚያስጨንቃት ዶሮና ስለ ቤተ ሰቡ ጤና

በሮቤና በጎባ ከተሞች፣ በባሌም ደጋ በየመንደሩ፣ በግቢው ጥቂት ዶሮዎች የሚያረባ ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ዕንቁላሉ ለሕፃናት ገንቢ ምግብ፣ ሲሸጥም ለጨውና ለደብተር መግዣ ይሆናል። ታዲያ አንዲቱ ዶሮ መጣሏን አቋርጣ፣ ላባዋን ነፍታ ስትቆም ባለቤቱ ብዙ ጊዜ በሁለት ሐሳብ ይፈተናል፤ «ሳትሞት ትታረድ» ወይም «ሳይታወቅባት ገበያ ትውጣ» ይላል። እኛ ግን ሁለቱም ለቤተ ሰብና ለጎረቤት ጤና የማይበጁ መሆናቸውን፣ ሦስተኛም የተሻለ መንገድ መኖሩን ለማስረዳት እንወዳለን።

በመጀመሪያ፣ መጣል ማቆም ሁሉ በሽታ አይደለም። የአገራችን ዶሮ ከ10 እስከ 15 ያህል ዕንቁላል ከጣለች በኋላ ለመታቀፍ ትቀመጣለች። ላባዋን በምትለውጥበትም ወራት ታርፋለች። እንዲህ ያለችው ዶሮ ዐይኗ የነቃ ነው፤ ከተቀመጠችበት ስትነሣም ትበላለች፣ ትጠጣለች። እርሷን በትዕግሥት መጠበቅ ይበቃል።

ዕንቁላል የተቀረቀረባት ዶሮ ግን ሌላ ናት። እየደጋገመች ታምጣለች፤ ጅራቷን ዝቅ አድርጋ እግሮቿን ከፍታ ትሄዳለች፤ መብላትም ትተዋለች። ምክንያቱን ለመረዳት የዕንቁላልን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ዕንቁላል ተሠርቶ እስኪወጣ 25 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ ለቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ በአብዛኛው ኖራ፣ ማለት ካልሲየም ያለበት ነገር ነው። ዕንቁላሉን ገፍቶ የሚያወጣውም ጡንቻ ያለ ካልሲየም አይበረታም። የባሌ ደጋ የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ በነዚህ እህሎች ግን ካልሲየም ጥቂት ነው። ስለዚህ እህል ብቻ የምትበላ ዶሮ ቅርፊቱ የሳሳ ወይም ቅርፊት የሌለው ዕንቁላል ትጥላለች፤ አንዳንዴም ዕንቁላሉ ይቀረቀርባታል። ብርዱም ጕልበቷን ያደክማል።

እርዳታው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ከሌሎቹ ለይቶ፣ ደረቅ ጭድ በተነጠፈበት ሣጥን፣ ሙቀትና ጸጥታ ባለበት ጨለም ባለ ስፍራ ማኖር።

2ኛ፤ ክንድ በደኅና የሚችለው ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጎ፣ እስከ ሆዷ ድረስ 20 ደቂቃ ያህል ማቆየት። ከዚያም ብርድ እንዳይመታት በጨርቅ አጥብቆ ማድረቅ።

3ኛ፤ በታጠበ እጅ በመውጫዋ ዙሪያ ጥቂት ንጹሕ ዘይት መቀባት። ሆዷን መጫንና ዕንቁላሉን በውስጧ መስበር ፈጽሞ አይገባም፤ ስባሪው አካሏን ይቈርጣልና።

4ኛ፤ ንጹሕ ውሃ ማቅረብ፤ ስትበላም የተቀቀለና የደቀቀ የዕንቁላል ቅርፊት ከመኖዋ ጋር መስጠት። ሳይደቅ ቢሰጣት የገዛ ዕንቁላሏን መብላት ትለምዳለች።

ዕንቁላሉ እስከ ማግሥቱ ካልወጣ፣ ወይም ቀይ ሥጋ ወደ ውጭ ከታየ፣ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ለሰው የታዘዘ ክኒን አይሰጣት። ሐኪሙ መድኃኒት ከሰጣት፣ እርሱ እስከሚወስነው ቀን ድረስ ዕንቁላሏም ሥጋዋም አይበላም።

አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ መቸገር ወይም የአንገት መጠምዘዝ ከታየ፣ ሌሎቹም ተከታትለው ከታመሙ፣ ፈንግል ሊሆን ይችላል። ፈንግል ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የሚከላከለው ክትባት ግን አለ፤ በአገራችንም በቢሾፍቱ ይሠራል። የታመመችን ዶሮ ገበያ ያወጣ ሰው በጥቂት ብር የብዙ ጎረቤት ዶሮዎችን ያስፈጃል። አርዶ የሚበላም ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ ወደ ማእድ ቤቱ ሊያስገባ ይችላል። የሞተችውን በጥልቅ መቅበር እንጂ ለውሻ መጣል አይገባም።

ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች ሌሊቷ ብርድ ነው። በዚህ የተነሣ ዶሮን ሰው በሚተኛበት ቤት ማሳደር የተለመደ ነው። ነገር ግን ኩሱ ሕፃናት በሚድሁበት ወለል ላይ ይቀራል፤ የሕፃናት ተቅማጥም ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ነፋስ የማይገባበት፣ ጭድ የበዛበት ቆጥ በማድ ቤቱ ግድግዳ በስተ ውጭ ቢሠራ ግን ዶሮዋ ሳትበርዳት ቤቱም ሳይቆሽሽ ያድራል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ዶሮ የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ እንዳይቈርስ፣ ዕንቁላልም ሳይበስል እንዳይበላ ለተማሪዎቻችሁ ንገሩ። ልጆች ከትምህርት ቤት የሰሙትን ለእናቶቻቸው ያደርሳሉ። ዶሮዋን በጊዜ የለየ ቤተ ሰብ እርሷን ሊያድን ይችላል፤ እርሷ ባትድን እንኳ ልጆቹንና ጎረቤቱን ይጠብቃል።