ቆሞ የሚያልቅ ባትሪ

በምዕራብ ኢትዮጵያ ባለችው ሸርቆሌና በዙሪያዋ ዝናቡ ግንቦት አካባቢ ይገባና እስከ ጥቅምት ድረስ እምብዛም አይለቅም። በእነዚህ ወራት ብዙ መንገድ በጭቃ ይዘጋል፣ መኪናም ይቆማል። የፕሮጀክት ላንድክሩዘር፣ የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ፣ ሥራ ያጣ አይሱዙ፣ የእርሻ ወቅቱን የጨረሰ ትራክተር፣ ሁሉም ሸራ ይለብሱና ይቀመጣሉ። በጋው ሲመጣ ሾፌሩ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሪኖው አንዴ ጠቅ ይልና ዝም ይላል። ነዳጅ አለ፣ ዘይት አለ፣ ጎማውም ደህና ነው። ባትሪው ግን ወርዷል።

ባለቤቱን የሚከነክነው ይህ ነው፤ ምንም ሳይሠራ የቆመ ነገር እንዴት ያልቃል? መልሱ ባትሪ ቆሞ የማያርፍ ዕቃ በመሆኑ ላይ ነው። ይህን ማወቅ ደግሞ ሸርቆሌ ላይ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ዋጋ አለው። ስሟን የያዘው የስደተኞች ካምፕ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሱዳን የሚሸሹ ሰዎችን ሲቀበል ኖሯል። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ደግሞ በኩርሙክ የድንበር በር የሚገባው ሰው እንደገና በረከተ። እንዲህ ባለ አካባቢ አምቡላንስ ወይም የመድኃኒት መኪና አልነሳም ሲል ነገሩ ሾፌሩ ከመናደዱ በላይ ነው። ምጥ የያዛት እናት ባትሪ እስኪሞላ አትጠብቅም። አዲስ ባትሪ ማምጣትም ቀላል አይደለም፤ ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ ብቻ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በወለጋ በኩል የሚመጣው መንገድ ደግሞ በጸጥታ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሲስተጓጎል የቆየ ነው።

ዛሬ በአብዛኛው መኪና ኮፈን ሥር የምናገኘው ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የሠራው ሲሆን፣ ካለቀ በኋላ እንደገና ሊሞላ የቻለ የመጀመሪያው ባትሪ እሱ ነበር። መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ውስጡ በስድስት ክፍል የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ከ2 ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ ኃይል ይሰጣል። በየክፍሉ ሁለት ዓይነት ሳህኖች በቀጭን የሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረዋል፤ አንዱ ንጹህ እርሳስ፣ ሌላው ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደ እርሳስ ነው። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሲዱ ከሳህኖቹ ጋር ይዋሐድና ሰልፌት የሚባል ነጭ ነገር ይለብሳቸዋል፣ ፈሳሹም ወደ ውሃነት ይጠጋል። ዲናሞው ሲሞላው ደግሞ ሰልፌቱ ተመልሶ ይሟሟል።

ችግሩ ይህ የኬሚካል ሥራ ማንም ሳይጠይቀው ቀስ እያለ የሚቀጥል መሆኑ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት አሮጌ ዓይነት ባትሪ በወር ወደ 5 በመቶ የሚሆን ኃይሉን ያጣል፤ አዳዲሶቹ ከዚህ ያንሳሉ። ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ግን ብክነቱ እጥፍ ይሆናል። ቆላ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በብረት ኮንቴይነር ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ደጋ ላይ ካለው ወንድሙ በብዙ ፈጥኖ ይደክማል። ስለዚህ ጥላ መምረጥ ራሱ የጥገና ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሌባ መኪናው ራሱ ነው። ቁልፉ ቢወጣም ሰዓቱ፣ ማንቂያው፣ የሞተሩ ኮምፒውተርና የሬዲዮው ማስታወሻ ትንሽ ትንሽ ይጠጣሉ። ጤነኛ በሆነ መኪና ይህ ከ50 ሚሊ አምፒር አይበልጥም። ትንሽ ይመስላል፤ ግን 50 ሚሊ አምፒር በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ነው። ባለ 70 አምፒር ሰዓት ባትሪ በአንድ ወር ውስጥ ግማሽ ይደርሳል ማለት ነው። በፕሮጀክት መኪኖች ላይ ደግሞ የመከታተያ መሣሪያና የመገናኛ ሬዲዮ ይጨመራል። ብክነቱ ወደ 100 ሚሊ አምፒር ከደረሰ ግማሹ ባትሪ በሁለት ሳምንት ያልቃል። ክረምቱ ግን የሁለት ሳምንት ጉዳይ አይደለም።

ወርዶ የሰነበተ ባትሪ የሚጎዳው ባዶ በመሆኑ ብቻ አይደለም። ሳህኖቹ ላይ ያለው ሰልፌት በጊዜ ካልተሟሟ ይጠጥራል። የጠጠረው ክፍል ቻርጅ አይቀበልም፣ ባትሪውም የነበረውን ያህል ኃይል መያዝ ያቅተዋል። ለዚህ ነው አንድ ክረምት ባዶውን የቆመ ባትሪ ቢሞላም በሁለተኛው ቀን ተመልሶ የሚደክመው። ብዙ ሰው ባትሪው ከመጀመሪያውም ጥራት አልነበረውም ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን የገደለው አያያዙ ነው።

ጤናውን ለማየት ቴስተር ይበቃል። መኪናው ከቆመ ጥቂት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሙሉ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል። 12.4 ሲሆን ሩብ ያህሉ ሄዷል፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ 12.0 ላይ የቀረው ሩብ ብቻ ነው። ልክ ከመንገድ እንደገባ ቢለካ ቁጥሩ ያታልላል፣ የላይ ላዩ ኃይል ገና አልበረደምና። ለተቀመጠ መኪና የምመክረው ድንበር 12.4 ነው። ከዚያ በታች ወርዶ ከመገኘቱ በፊት ይሞላ።

ከሁሉ ርካሹና አስተማማኙ መፍትሔ የሚያስፈልገው አንድ 10 ቁጥር ቁልፍ ነው። የኔጌቲቩን ገመድ ፈትቶ ማራቅ፤ ሌላ ምንም አይደለም። ይህ መኪናው ራሱ የሚጠጣውን ሙሉ በሙሉ ያቆመዋል። መጀመሪያ ኔጌቲቩ የሚፈታበት ምክንያት አለ። የመኪናው አካል በሙሉ ከኔጌቲቩ ጋር የተያያዘ ነው፣ ስለዚህ ፖዘቲቩን የያዘ ቁልፍ ብረቱን ከነካ ከባድ ብልጭታ ይወጣል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ያ ብልጭታ ቀልድ አይደለም። በተለይ በቅርቡ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ አጠገብ ሲጋራም እሳትም አይቅረብ። ሲመለስ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ፖዘቲቩ መጀመሪያ፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ።

ገመዱን ሊፈቱበት የማይችሉት መኪና፣ ለምሳሌ ሁሌም ዝግጁ መሆን ያለበት አምቡላንስ፣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሶላር ያግዛል። በገጠሩ ቤት ለአምፖልና ለስልክ የለመድነው ዓይነት 10 ዋት ያለው ትንሽ ፓነል በጥሩ ፀሐይ ወደ ግማሽ አምፒር ይሰጣል። ደመናማ በሆነ የክረምት ቀን የሦስት ሰዓት ፀሐይ እንኳ ቢያገኝ 1.5 አምፒር ሰዓት ያስገባል። ይህም ለጤነኛ መኪና ከላይ ካሰላነው የ1.2 አምፒር ሰዓት የቀን ብክነት ይበልጣል። በመሃል ቻርጅ ኮንትሮለር ይግባ፤ በበጋው ኃይለኛ ፀሐይ ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይፈላ እሱ ይጠብቀዋል። ፓነሉ በሲጋራ መለኮሻው በኩል ከተሰካ ቁልፉ ሲወጣ ያ መስመር በብዙ መኪና ስለሚቋረጥ መጀመሪያ ይሞከር። ከባትሪው ላይ በቀጥታ በፊውዝ ቢያዝ ይሻላል።

«በየሳምንቱ አስነስቼ አምስት ደቂቃ አሞቀዋለሁ» የሚለው ልማድ ግን ብዙ አይጠቅምም። ማስነሳቱ ራሱ የሚወስደው ኃይል ትንሽ ነው፤ ቆሞ በዝቅተኛ ዙር የሚሠራ ሞተር ዲናሞ በአምስት ደቂቃ የሚመልሰው ግን የወረደውን ባትሪ አይሞላም። ይልቁንም ቀዝቃዛ ሞተር ላይ እርጥበትና ጥቀርሻ ይከማቻል። መንዳት ከተቻለ አንድ ሰዓት በደንብ መንዳት ያዋጣል፤ ካልተቻለ ገመዱን መፍታት ይሻላል። «ባትሪ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጥ» የሚለውም የድሮ ባትሪ ሳጥን ዘመን ምክር ነው፤ የዛሬው ፕላስቲክ ሳጥን ከሲሚንቶ ጋር ጠብ የለውም። ይልቅ ከላይ የተከማቸው አቧራ ያሳስበኛል። አቧራና የአሲድ እርጥበት ሲቀላቀሉ በሁለቱ ምሰሶዎች መሃል ትንሽ መንገድ ይከፍታሉ፣ ኃይልም በዚያ ያልፋል። በውሃና በቤኪንግ ሶዳ ማጽዳት፣ ሶዳው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቅቆ፣ ይህን ያስቀራል።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የፈሳሹን መጠን ማየት ያስፈልጋል። የሚጨመረው የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የፈላ ውሃ ማዕድኑ አይወጣለትም፣ ከቆርቆሮ ላይ የተቀዳ የዝናብ ውሃም ከቆርቆሮው ብረትና አቧራ ይዞ ይወርዳል፤ ሁለቱም ሳህኖቹን ይጎዳሉ።

ለአይሱዙና ለሌሎች የጭነት መኪኖች አንድ የተለየ ነገር ልጨምር። እነዚህ በአብዛኛው በተያያዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ቴፕ ወይም የስልክ ቻርጀር 12 ቮልት ስለሚፈልግ ከሁለቱ ከአንዱ ብቻ የሚቀዳ ገመድ ማውጣት የተለመደ ነው። ያኔ አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ያለዕድሜያቸው ይሞታሉ። 24ቱን ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ ገዝቶ በዚያ መቅዳት ሁለት ባትሪ ከመቀየር ይረክሳል።

ባትሪ እንዲህ አስቸጋሪ መሆኑን የተረዱት ሾፌሮች ብቻ አይደሉም። ኤሌክትሪክ በሌለባቸው ጤና ጣቢያዎች ክትባት የሚያቀዘቅዙ የድሮ ሶላር ፍሪጆች በባትሪ ይሠሩ ነበር፤ ባትሪው በጥቂት ዓመት ሲሞት ፍሪጁም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ባትሪ ሳይኖራቸው ቀን ቀን በረዶ እየሠሩ ሌሊቱን በዚያ የሚያድሩ ፍሪጆች ተሠሩ። መኪና ግን ይህን ማድረግ አይችልም። በ2024 እ.ኤ.አ. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ የበረከቱት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከትልቁ ባትሪ ሌላ በሩን የሚከፍትና ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅስ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሱ ቆሞ ከወረደ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም።

ዝናቡ ሲያባራ መኪናውን የሚያስነሳው ሰው መጀመሪያ በቴስተር ይለካ። ከ12.4 በታች ከሆነ በቻርጀር ይሙላው። ገፍቶ ወይም ከሌላ መኪና በገመድ አስነስቶ ዲናሞው ይሙላው ማለት ዲናሞውን አላግባብ ያሞቀዋል። ገመዱን የፈታው ደግሞ መሪው ላይ አንድ ወረቀት ያስር፤ ባትሪው የተፈታበትን ቀንና የታየውን ቮልት ጽፎ፣ ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ሾፌር።